ገበሬው እየደወለ ነው፤ ማን ያንሳለት?

(ባለፈው እሑድ በወጣቶች ውይይታችን ላይ የተናገርኩት ነው። መገኘት ያልቻላችሁ «ጽፈህ ለጥፈው» ስላላችሁኝ ይኸው። በቃል ካልኩት የጨመርኩትም የቀነስኩትም አለ። ረዘም ይላል፤ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡት።)



ዛሬ ስለ ባንዲራ አልናገርም። ስለ ታሪክም ብዙ አልልም፤ ትንሽ አነሳለሁ፣ እሱም ስለ ከብት ነው። የመጣሁት ስለ ስልክና ስለ ገበሬ ልነግራችሁ ነው።

እስቲ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለነውን እንተያይ። አብዛኞቻችን የገበሬ ልጆች ነን። ኪሳችን ውስጥ ያለው ስልክ በምን ተገዛ? በስንዴ፣ በሰሊጥ፣ በበግ ተሽጦ ነው የተገዛው። ዩኒቨርሲቲ ስንገባ አባት በሬ ሸጦ፣ እናት ዶሮና እንቁላል ሸጣ ነው የላኩን። ተመረቅን፣ ሥራ የለም፣ ተመልሰን መጣን። እኔም ከእናንተው አንዱ ነኝ፤ ዲግሪዬ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። እናስ በዚያ በበግ ዋጋ በተገዛ ስልክ ቀኑን ሙሉ ምን እንሠራለን? ኮሜንት ላይ እንሰዳደባለን። ስለ ሀገር ፍቅር እንጽፋለን፣ ሀገሩን የሚያበላው ሰው ግን ከጓሮ ሆኖ «ልጄ፣ ይሄ ቅጠል ለምን ቢጫ ሆነ?» ሲለን «እኔ ምን አውቄ» ብለን ወደ ስክሪናችን እንመለሳለን።

8028 የሚባል ቁጥር አለ። ስንቶቻችሁ ታውቁታላችሁ? እጅ አውጡ እስቲ። (ሦስት እጅ ነው የወጣው።)

ይህ ከ2006 ዓ.ም. የተጀመረ ነፃ የስልክ መስመር ነው። የያኔው የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ ከግብርና ሚኒስቴርና ከኢትዮ ቴሌኮም ጋር ሆኖ ነው ያቋቋመው። ገበሬው ሲደውል የተቀዳ ድምፅ ይመጣለታል። ቋንቋ ያስመርጠዋል፤ መጀመሪያ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በትግርኛ ነበር፣ በኋላ ሌሎች ተጨመሩ። ከዚያ ሰብል ያስመርጠዋል። ስለ መሬት ዝግጅት፣ ስለ አዘራር፣ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ተባይ፣ ስለ አጨዳ አንድ በአንድ ይነግረዋል። ማንበብ አይጠይቅም፣ ኢንተርኔት አይጠይቅም፣ ካርድ አይቆጥርም። ገና እንደተጀመረ በጥቂት ወራት ውስጥ በሚሊዮን የሚቆጠር ጥሪ ገባበት።

ይሄ ቁጥር አንድ ነገር ይነግረናል። «ገበሬው ቴክኖሎጂ አይወድም፣ ለውጥ ይፈራል» የሚለው የከተማ ወሬ ውሸት ነው። በራሱ ቋንቋ፣ በድምፅ፣ በነፃ ሲቀርብለት ገበሬው ደወለ። ሳይጠሩት ደወለ።

ታዲያ ለምንድነው ዛሬም ሰፈራችን ውስጥ ስለዚህ ቁጥር የሚያውቅ ሰው ፈልጎ ማግኘት የሚከብደው? እኔ በሰፈሬ ስጠይቅ የገባኝን ልንገራችሁ። አንዱ ችግር ተራ ነገር ነው። «ለጤፍ 1ን ይጫኑ» ይላል ድምፁ። ስልኩ ጆሮ ላይ ነው። ለመጫን ከጆሮ ማውረድ አለበት፣ ሲያወርደው ቀጣዩን አይሰማም፣ መልሶ ጆሮው ላይ ሲያደርገው ሌላ ቦታ ደርሷል። ላውድ ስፒከር ማድረግ እንደሚቻል ያሳየው ሰው የለም። ሳቃችሁ፤ ግን በዚህች ብቻ ስንት ሰው ስልኩን ዘግቶ እንደተወው አስቡት። ሌላው፣ ስልኩ ያለው አባወራው ኪስ ውስጥ ነው። ጓሮውን የምትኮተኩተው፣ ዘሩን የምትመርጠው፣ እህሉን ከነቀዝ የምትጠብቀው ደግሞ እማወራዋ ናት። ምክሩ ለኪሱ እንጂ ለእጇ አይደርስም። ኢትዮ ቴሌኮም ከ70 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች አሉኝ ሲል ሲም ካርድ ነው የሚቆጥረው፤ ከእነዚያ ውስጥ የስንት እናቶቻችን እንደሆነ አይነግረንም።

ትልቁ ችግር ግን ሦስተኛው ነው። የተቀዳ ድምፅ ይናገራል እንጂ አይሰማም። ገበሬው ደግሞ ጥያቄ አለው። የእሱ ጥያቄ «ስለ ጤፍ ንገሩኝ» አይደለም። «ከወንዙ በኩል ያለው እርሻዬ ብቻ ለምን ጠወለገ?» ነው።

አሁን አንድ ጥሩ ነገር ልንገራችሁ፤ ቴክኖሎጂ ሲሠራ ምን እንደሚመስል እንድታዩ። የስንዴ ዋግ። ዋግን የማያውቅ የስንዴ አገር ልጅ የለም። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ ስንዴያችንን ክፉኛ መታው። ከዚያ በኋላ ገበሬው ቢጫ ዋግን ይቋቋማል የተባለውን ዲጋሉ የሚባለውን ዝርያ በሰፊው ዘራ። በ2006 ዓ.ም. ደግሞ ሌላ ዓይነት የግንድ ዋግ መጣና አርሲና ባሌ ላይ ያንኑ ዲጋሉን አጨደው። አንዱን በር ዘጋን ሲሉ በሌላው ገባ።

ከዚያ ወዲህ የኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት፣ ሲሚት የሚባለው ዓለም አቀፍ የስንዴና የበቆሎ ምርምር ማዕከል፣ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲና የእንግሊዝ የአየር ትንበያ መሥሪያ ቤት ሆነው የቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት ሠሩ። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ባለሙያዎች ማሳ ላይ ዋግ ሲያዩ ቦታውን መዝግበው ይልካሉ። የዋግ ብናኝ በነፋስ ስለሚሄድ፣ ነፋሱ በሚቀጥሉት ቀናት ወዴት እንደሚወስደው በኮምፒውተር ይሰላል። ማስጠንቀቂያው ለግብርና ባለሙያዎች ይላካል፣ በስልክ መልእክትና በ8028 በኩልም ለገበሬው እንዲደርስ ይደረጋል። ዋጉ ገና ሳይደርስ ወሬው ይደርሳል ማለት ነው! ይሄ ቀልድ አይደለም፤ ፀረ-ዋግ የሚረጨው በጊዜው ከሆነ ነው የሚያድነው፣ ስንዴው ከቀላ በኋላ ረጨህ አልረጨህ ለውጡ ትንሽ ነው።

ግን ሰንሰለቱን እዩት። ማሳ፣ ባለሙያ፣ ኮምፒውተር፣ ቢሮ፣ መልእክት። ከዚያ መልእክቱ ወረዳ ደረሰ፣ ዲኤው ስልክ ላይ ደረሰ። በየቀበሌው ሦስት ያህል የልማት ሠራተኛ ይመደባል፣ አንዱ ለሰብል፣ አንዱ ለእንስሳት፣ አንዱ ለተፈጥሮ ሀብት። እነሱም ማዳበሪያ ሲመጣ ያከፋፍላሉ፣ ብድር ያስመልሳሉ፣ ስብሰባ ይጠራሉ፣ ሪፖርት ይሞላሉ። እኔ ዲኤዎችን አልወቅስም፤ አንድ ሰው ስንት መቶ ቤት ያንኳኳል? ከካምብሪጅ እስከ ወረዳ በደቂቃ የመጣ ወሬ፣ ከወረዳ እስከ ጎጥ ሳምንት ይፈጅበታል።

ቃል የገባሁላችሁ የከብት ታሪክ እዚህ ጋ ነው የሚመጣው።

ክፉ ቀንን ሁላችሁም ሰምታችኋል። በ1880ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ጣሊያን በምፅዋ በኩል ካስገባቸው ከብቶች ጋር የደስታ በሽታ ገባ። (ስሙ ደስታ፣ ግብሩ ሞት!) ከአሥር ከብት ዘጠኙ አለቀ ይባላል። በሬ ሲያልቅ እርሻ ቆመ፣ እርሻ ሲቆም ሕዝብ አለቀ። አፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው ቆፈሩ የሚባለው ያኔ ነው። በሽታው ከወሬው ይፈጥን ነበር።

ያ በሽታ ከመቶ ዓመት በላይ አልለቀቀንም። ክትባት ነበር፤ ግን ማቀዝቀዣ ይፈልጋል፣ የአፋር በረሃ ደግሞ ማቀዝቀዣ የለውም። በኋላ ያለ ማቀዝቀዣ ለሳምንታት የሚቆይ ክትባት ተሠራ። እሱም ብቻውን አልበቃም፣ ምክንያቱም የእንስሳት ሐኪሙ አርብቶ አደሩ ያለበት አይደርስም፣ ቢደርስም አይታመንም። በ1986 ዓ.ም. አካባቢ ምን ተደረገ መሰላችሁ? የአፋር ማኅበረሰብ ከራሱ መካከል ሰዎችን መረጠ። ሐኪም አይደሉም። አጭር ሥልጠና ወስደው፣ ክትባቱን ይዘው ከመንጋው ጋር አብረው ተጓዙ። በሽታው አፋር ውስጥ ጠፋ። በ2003 ዓ.ም. ከመላው ዓለም መጥፋቱ ታወጀ፤ የሰው ልጅ ከፈንጣጣ ቀጥሎ ከምድር ያጠፋው ሁለተኛው በሽታ ነው። በዚህ ውስጥ የእኛ ወገኖች፣ የአፋር ልጆች እጅ አለበት። ስለዚህ ድል ፖስት ያደረገ አይቼ አላውቅም።

ክትባቱ ቴክኖሎጂ ነው። ስልኩም ቴክኖሎጂ ነው። የመጨረሻዋን መንገድ የሄደው ግን የሰፈሩ ሰው ነው። እኔ ዛሬ የምለው ይህንኑ ነው፤ 8028 አለ፣ ቴሌግራም አለ፣ ቪዲዮ አለ፣ የጎደለው የሰፈሩ ልጅ ነው። የሰፈሩ ልጅ ደግሞ ዲግሪ ይዞ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል።

«እኔ ግብርና አልተማርኩም» የሚል አለ። እኔም አልተማርኩም። አንድ ነገር ላጫውታችሁ። አምና አንዲት ጎረቤታችን፣ በዕድሜ እናቴን የሚሆኑ፣ አንድ ጠርሙስ ይዘው መጡ። ባቄላቸውን ትል በላባቸው፣ ከተማ ወርደው ከአንድ ሱቅ «የትል መድኃኒት» ብለው ገዙ። «አንተ ልጅ፣ ስንት ክዳን በስንት ውኃ እንደሆነ አንብብልኝ» አሉኝ። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ነው። አነበብኩት። ቱ ፎር ዲ ነው። ሰፊ ቅጠል ያለውን አረም የሚገድል፣ ጤፍና ስንዴ ላይ የሚረጭ። ባቄላ ደግሞ ራሱ ሰፊ ቅጠል ነው! ቢረጩት ትሉ ይተርፍ ነበር፣ ባቄላው ነበር የሚሞተው። «እማማ፣ ይሄ ባቄላውን ይገድለዋል» ስላቸው ጠርሙሱን ዝም ብለው አዩት። ያወጡት ብር የወር አስቤዛ ነው። ሱቁ መልሶ አልተቀበላቸውም። ባቄላው ግን ተረፈ፤ ዲኤው መጥቶ አይቶ የሚሆነውን ነገራቸው።

ዲግሪዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ የሠራው የዚያን ቀን ነው። የፈጀው ሁለት ደቂቃ ማንበብ ነው።

ስለ መድኃኒት ካነሳሁ፣ ይህችን ያዙልኝ። ብዙ የፀረ-ተባይ መያዣ ላይ ከታች በኩል የቀለም መስመር አለ። ቀይ ከሆነ በጣም መርዛማ ነው፣ ቢጫ ከእሱ ይቀጥላል፣ ከዚያ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ ደግሞ ዝቅተኛው ነው። ማንበብ የማይችል ሰውም ቀለም ያያል። ይህንን ለእናታችሁ ለመንገር ዲግሪም አያስፈልግም። ባዶውን ጠርሙስ አጥቦ ዘይት መያዣ ማድረግ በየቤቱ አለ፤ እሱንም ንገሩ።

ቴሌግራም ላይ ደግሞ ጉድ አለ። «ምርትዎን በእጥፍ የሚያሳድግ» እያሉ ስም የሌለው ዱቄት የሚሸጡ ቻናሎች ሞልተዋል። ገበሬው ስማርት ስልክ በያዘ ቁጥር መጀመሪያ የሚደርሰው ምርምር ማዕከሉ አይደለም፣ አጭበርባሪው ነው። እኛ ዝም ባልን ቁጥር ቦታውን የሚይዘው እሱ ነው።

ከስልክ ምክር ሁሉ እኔን ያሳመነኝ ቪዲዮ ነው። ዲጂታል ግሪን የሚባል ከሕንድ የጀመረ ድርጅት አለ፤ እዚህም ከግብርና ሚኒስቴር ጋር ይሠራል። ዘዴው ቀላል ነው። የአካባቢውን ገበሬ፣ በአካባቢው አነጋገር፣ በራሱ ማሳ ላይ ሲሠራ ይቀርጹታል። ከዚያ በባትሪ በሚሠራ ትንሽ ፕሮጀክተር ማታ ሰው ተሰብስቦ ያየዋል፣ እያቆሙ ይወያያሉ። ገበሬ ሲያይ መጀመሪያ የሚጠይቀው «የየት ሰው ነው?» ብሎ ነው። መሬቱ የእኔን ይመስላል? በሬው የእኔን ያህል ነው? ከሆነ ያምናል። ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው አዲስ አበባ ሆኖ ቢያወራው «እሱማ ምን አለበት» ይላል።

በቃል የማይነገር፣ በዓይን ብቻ የሚገባ ነገር አለ። ነቀዝ የማያስገባውን ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት ውሰዱ፣ ፒክስ የሚባለውን። ውስጡ ሁለት ፕላስቲክ፣ ውጭው ማዳበሪያ ነው። እህሉ ይደርቃል፣ ይሞላል፣ አየሩ በእጅ ተጨምቆ ይወጣል፣ እያንዳንዱ ፕላስቲክ ለብቻው ተጠምዝዞ ይታሰራል። ነቀዙ አየር አጥቶ ይሞታል፤ ያለ መድኃኒት! ግን ፕላስቲኩ አንዲት ቀዳዳ ካለችው ሁሉም ከንቱ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ እንደ ፊኛ አየር ሞልቶ መፈተሽ ነው። ይህንን በስልክ ድምፅ ብታስረዳው ግማሹ ይጠፋል፤ የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ይበቃዋል። ሁላችንም ቲክቶክ ላይ ቪዲዮ መቁረጥ እናውቅበታለን፣ አይደል?

ደግሞ አንድ ነገር አደራ። ገበሬውን «ለማስተማር» ብላችሁ አትሂዱ። ዶ/ር መላኩ ወረደን አንብቡ። የኢትዮጵያን የዘር ባንክ ለብዙ ዓመታት የመሩ ሳይንቲስት ናቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1989 «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ሽልማት አግኝተዋል። የእሳቸው ትልቁ ሐሳብ የገበሬው ዘር ማቀዝቀዣ ውስጥ ብቻ ሳይሆን በገበሬው ማሳ ላይ፣ በገበሬው እጅ መጠበቅ አለበት የሚል ነው። የትኛው ማሽላ ዝናብ ሲያጥር እንደሚደርስ፣ የትኛው ገብስ ውርጭ እንደሚችል የሚያውቁት አያቶቻችን ናቸው። ያ እውቀት አልተጻፈም፤ አንድ ሽማግሌ ባረፉ ቁጥር አብሮ ይቀበራል። ስልካችን ላይ ድምፅ መቅጃ አለ። መረጃ ከላይ ወደ ታች ብቻ የሚወርድ ከሆነ እሱ የድሮው ስብሰባ ነው፣ ስልክ ተጨመረበት እንጂ።

ምክር ሁሉንም አይፈታም፤ እንዳንዋሽ። በ2015 ክረምት ማዳበሪያ አጥተው አደባባይ ለወጡ አባቶች «በ8028 ደውሉ» ማለት ስድብ ነው። መረብም ሲቋረጥ ሁሉም ያልፋል። በጦርነቱ ጊዜ ትግራይ ውስጥ ሁለት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ስልክም ኢንተርኔትም አልነበረም፤ ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ አማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። የሚያቋርጠው ሰው የሚያስበው ስለ ፖለቲካ ነው፤ ማሳው ግን ፖለቲካ አይጠብቅም፣ ተምቹም አይጠብቅም። ይህንን ጮክ ብለን መናገር አለብን፤ በዘር ወቅት መስመር መቁረጥ ሞፈር መስበር ነው።

አሁን ወደ ሥራው። እኔና ሦስት ጓደኞቼ ያሰብነው እንዲህ ነው። እያንዳንዳችን በሰፈራችን አምስት ቤት እንይዛለን። አምስት ብቻ፤ ሃምሳ ያለ ሰው በሳምንቱ ይተወዋል። በሳምንት አንድ ቀን እንሄዳለን፣ ቡና ሲፈላ። አባወራውን ብቻ ሳይሆን እማወራዋንም እንጠይቃለን፣ ለብቻዋም ጭምር፣ ምክንያቱም እሱ ባለበት ብዙ አታወራም። ጥያቄያቸውን በራሳቸው ድምፅ እንቀዳለን። 8028 ላይ መልስ ካለ በላውድ ስፒከር አብረን እናዳምጣለን። ከሌለ ጥያቄውን ለዲኤው ወይም ለምርምር ማዕከል ባለሙያ እንልካለን፣ መልሱን በድምፅ ይዘን እንመለሳለን። ለአንዱ ቤት የመጣው መልስ ለአምስቱም ይሰማል።

ፎቶ ስታነሱ ዝም ብላችሁ አታንሱ። ባለሙያ በደበዘዘ ፎቶ ምንም ማለት አይችልም። የቅጠሉን ፊትም ጀርባም፣ ከዚያ ሙሉውን ተክል፣ ከዚያ ማሳውን ከሩቅ። ቀኑንና ቀበሌውን ጻፉ። በ2009 ዓ.ም. የመጣብንን መጤ ተምች ውሰዱ፤ ከሌላው ትል የሚለየው ግንባሩ ላይ የተገለበጠ «ዋይ» የሚመስል ነጭ መስመር ስላለው፣ ከጅራቱ አጠገብ ደግሞ በካሬ የተቀመጡ አራት ጥቁር ነጥቦች ስላሉት ነው። ቀን በቆሎው መሃል ገብቶ ይደበቃል፣ ስለዚህ በማለዳ ወይም ሊመሽ ሲል ፈልጉት። የሰው ፊት ያለበትን ፎቶ ሳያስፈቅዱ መለጠፍ ክልክል ነው። ሽማግሌ አስቂኝ ሆነው የታዩበትን ቪዲዮ ለላይክ የሚለጥፍ ልጅ ከእኛ ጋር አይሠራም።

ሕግ አንድ፦ የማናውቀውን አንመልስም። «ጠይቄ እነግርዎታለሁ» ማለት ነውር አይደለም። መድኃኒት በራሳችን አናዝም፣ በጭራሽ። ሕግ ሁለት፦ ከማንም መድኃኒት ሻጭ ኮሚሽን አንቀበልም። ያኔ ነው የምናልቀው።

«ደመወዙስ?» ያልከኝ ወንድሜ፣ ልክ ነህ። የለውም። ለዘላለም በነፃ ይሠራ አላልኩም፤ የአፋሮቹም ሰዎች በኋላ ከሚሰጡት አገልግሎት ትንሽ ገቢ እንዲያገኙ ነው የተሞከረው። አንድ ክረምት ሠርተን፣ ስንት ጥያቄ እንደመጣ፣ ስንቱ መልስ እንዳገኘ፣ ስንቱ ያለ መልስ እንደቀረ በወረቀት ይዘን የወረዳውን ግብርና ጽሕፈት ቤት በር እናንኳኳለን። ባዶ እጅ ሄደን «ሥራ ስጡን» ብለን ስንት ዓመት ቆመናል፤ የአሁኑ መዝገብ ይዘን ነው።

ሰኔ ሦስት ሳምንት ነው የቀረው። በቆሎ የዘሩ አሉ፣ ጤፍ መሬት እያለሰለሱ ነው። ዝርዝሩ በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አለ፤ ስማችሁን፣ ቀበሌያችሁንና የምትይዟቸውን አምስት ቤቶች ጻፉ። እዚህ ገጹ ላይ የምታነቡት ደግሞ በውስጥ መስመር ላኩልን፤ የገበሬዎቹን ስም ኮሜንት ላይ አትጻፉ። የሚቀጥለው ስብሰባ የዛሬ ሁለት ሳምንት እሑድ በዚሁ ሰዓት ነው። ስትመጡ እያንዳንዳችሁ ቢያንስ አንድ የተቀዳ ጥያቄ ይዛችሁ ኑ፣ ተራ በተራ ከፍተን እንሰማለን።

እሺ፣ ጥያቄ ያለው?